የቀድሞው ተከራይ ስንት ይከፍል ነበር?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተመዘገበ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዋጋ ለቀጣዩ ተከራይ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ



ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አንድ ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። ደላላው «እህቴ፣ ሦስት ሰዓት ካለፈ ሌላ ሰው ይይዘዋል» ስላለኝ ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ላይ አይሱዙ ቆሞ ዕቃ ይጫንበታል፤ ፍራሽ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ እግሩ የተፈታ አልጋ፣ በፌስታል የታሰረ የልጅ ጫማ። አንዲት ወጣት ረከቦቷን አቅፋ ጋቢና ልትገባ ስትል አየችኝና «ቤቱን ልታዪ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወደ ግቢው ዞር ብላ ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ 13 ሺህ ነበር የምንከፍለው። ልጃቸው ከውጭ ሊመጣ ነው ብለው ነው ያስወጡን። አንቺን ስንት አሉሽ?» አለችኝ።

ለእኔ የተነገረኝ 22 ሺህ ነበር። መልስ ሳልሰጣት መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ቤቱን ግን ገብቼ አየሁት። ባለ አንድ መኝታ ይባል እንጂ አንዱን ክፍል በቺፕውድ ለሁለት የከፈሉት ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሽታው ገና ከቤቱ አልወጣም። ከመስኮቱ በታች ግድግዳው ላይ እጄን ሳሳርፍ መዳፌ ረጠበ፤ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጣቴ ተነሣ፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ አለ። አከራይዋ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ ሴት ናቸው። «እሱ ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቃል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። መስኮቱን ከፈትኩት። የጎረቤት ግንብ በክንድ ርቀት ተገትሯል። «እትዬ፣ በፊት የነበሩት ሰዎች ስንት ነበር የሚከፍሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «የሰው ሂሳብ ምን ያደርግልሻል? ከፈለግሽ ያዢው፤ ካልፈለግሽ የሚጠብቅ ሰው አለ» አሉ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያቺ ጥያቄ ናት። አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ብደርስ ኖሮ መልሷን አላውቀውም ነበር። ቤት ፈላጊው ሁሉ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለን፤ ካዛንቺስ ውስጥ አንደኛ ክፍል ይማራል። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሰፈር ነው። እናቴ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ነበረች። የቀበሌ ቤት ኖሯት አያውቅም፤ የቀበሌ ቤት ከደረሰው ሰው አንድ ክፍል ወስዳ፣ መሐል ላይ መጋረጃ ጋርዳ አሳደገችን። ስለዚህ ተከራይነት ለእኔ ለጊዜው የገባሁበት ነገር አይደለም፤ የተወለድሁበት ነው።

ካዛንቺስ ራሷ ከስሟ ጀምሮ ለሠራተኛ የተሠራች የኪራይ ሰፈር ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ የሚለው መጠሪያ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ከነፃነት በኋላም ሰፈሯ ያው የሠራተኛ ማደሪያ ሆና ቀጠለች። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሒልተን ተከፈተ። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የሚያስተናግደው፣ የሚያጸዳው፣ የሚጠብቀው፣ የሚተይበው ሰው ከጀርባቸው ባሉት ጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር የሚያድረው። ሥራ ቦታውና ማደሪያው በእግር የሚያስኬድ መሆኑ ነበር የሰፈሯ ሀብት።

ከዚያ የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ያ አዋጅ ለብዙ ደሃ መጠለያ እንደሆነ አልክድም፤ እኔም ያደግሁት በእሱ ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው እጅግ ዝቅ ባለ ኪራይ ሲኖር፣ ያልደረሰው ሰው ከእሱ ላይ የተሸነሸነ ክፍል በገበያ ዋጋ ይከራያል። የመንግሥት መዝገብ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛው፣ እንደ እናቴ ያለው፣ በመዝገብ ላይ የለም። ይህን የማነሣው ዛሬም እዚያው ስለሆንን ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ ይህ ልዩነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። ባለይዞታው ምትክ ቦታና ካሳ አለው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ ቤት አለው፤ ብዙ ጎረቤቶቼ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከሥራና ከትምህርት ቤት መራቁ ከባድ ቢሆንም ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። እኛ በዚያን ጊዜ ከአንድ ባለይዞታ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አከራያችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የመጨረሻውን ወር ኪራይ አልተቀበሉንም። ተቃቅፈን ተላቅሰን ተለያየን። እሳቸው የሚሄዱበት ቦታ ነበራቸው። እኛ ወደ ደላላ ሄድን። በዚያው ሳምንት እንደኛ ያለ ብዙ ሰው ወደዚያው ደላላ ሄዷል፤ ገበያውም ያንን አላጣውም።

ዛሬ ካዛንቺስ መንገዷ ሰፍቷል፣ ማታ ማታ መብራቷ ያምራል፤ ልጄ በእግረኛ መንገዱ ላይ መሮጥ ይወዳል፤ ይህን ሳይ እኔም ደስ ይለኛል። የምለምነው እዚያው አካባቢ፣ በደመወዛችን፣ ሻጋታ በሌለው ቤት እንድንኖር ነው።

አሁን ያለነው ቄራ አካባቢ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ከአምስት ቤተሰብ ጋር የጋራ ሽንት ቤት። የጽሑፍ ውል የለንም። ስንጠይቅ «ካመናችሁኝ ውል ምን ያደርጋል?» ተባልን። ከዚያ ቤት ለመውጣት ስፈልግ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ሰማያዊ ደብተር ይዣለሁ፤ ያየኋቸውን ቤቶች በተራ ቁጥር እጽፍባታለሁ። እስካሁን 34 ደርሰዋል።

7ኛው መሿለኪያ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ያውም ሌሊት፤ ግፊቱም እላይ አይደርስም። ከምድር ቤት በጀሪካን መውጣት ነው። 12ኛው ቤቱ ንጹሕ፣ አከራዩም ትሑት ናቸው፤ ግን ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ምጣድ አይሰካም፤ ከሰል ማያያዝም አይቻልም። እንጀራውንስ ግዴለም እንገዛለን፤ ቡና ማፍላትን ግን እናቴ ስትመጣ ምን ልበላት? 19ኛው ላይ «ስንት ናችሁ?» ተባልኩ። ሦስት ነን። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ስድስት። «ልጅ ግድግዳ ይሞነጫጭራል፤ ይቅርታ፣ ላጤ ነው የምንፈልገው።» ወንድሜ ደግሞ ላጤ ነው፤ እሱ ሲሄድ «ወንደላጤ አንቀበልም፣ ባለትዳር ነው የምንፈልገው» ይሉታል። በ23ኛው የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠየቅን። 29ኛው በራዲሰን ጀርባ ያለ ስቱዲዮ ነው፤ ደላላው በዶላር ነው የሚከራየው ብሎ ሳያስገባኝ መለሰኝ። ቤት ለማሳየት ብቻ ደላላ 300፣ 500 ብር የወሰደበትም አለ፤ ደረሰኝ የለም።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አከራዩ ሁሉ የዶላርን ዋጋ ያነሣል። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና ሲሚንቶውም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ቧንቧውም ተወዷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ያቺ ከኡራኤል ጀርባ ያየኋት ሻጋታ ቤት የዚህን ደመወዝ እጥፍ ያህል ትጠይቃለች።

የጋራ መኖሪያ ቤትስ ብትሉኝ፣ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበናል። በየወሩ ንግድ ባንክ ስንቆጥብ ኖረናል። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ተጭበርብሯል ተብሎ ሲሰረዝ፣ በኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣ፣ ሁለቱንም ጊዜ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ጠብቀናል። አልደረሰንም። ዕጣ እስኪደርስ ድረስ ሰው የሚያድረው በኪራይ ቤት ነው፤ ለእኛ ይህ መጠበቅ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አሁን ወደ አዋጁ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ሲጸድቅ እኔና ባለቤቴ አንቀጹን እየቆጠርን አንብበነዋል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ይሁን ይላል። በአገራችን ለተከራይ ይህን ያህል የተጻፈበት ሕግ ከዚህ በፊት አላየሁም። በ2013 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩ ጭማሪንና ማስወጣትን ለሦስት ወር ከልክሎ እያራዘመው የቆየው ደንብ ጊዜያዊ ነበር፤ ይህኛው ግን ቋሚ ነው። በሰኔ 2016 በየወረዳው ምዝገባ ሲጀመር የተሰለፈውን ሰው አይቻለሁ፤ ሠራተኞቻችሁ እስከ ማታ ሲሠሩም አይቻለሁ።

ሆኖም ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚጀምረው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ይጠብቃል። ደጅ የቆመው ሰው ውል የለውም፤ ስለዚህ አንቀጹን የሚጠቅስበት የለውም። አከራይም ይህን ያውቃል። ጭማሪ የተገደበበት ነባር ተከራይ ከሚቀመጥ ይልቅ ቢወጣለት ይመርጣል፤ ልጄ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ላድሰው ነው፣ ልሸጠው ነው ይላል። ነባሩ ሲወጣ ዋጋው ከዜሮ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ 13 ሺህ የነበረው 22 ሺህ ይሆናል፤ ግድግዳው ግን ያው ግድግዳ ነው። አዲሱ ተከራይ ጭማሪ እንደተደረገበት እንኳ አያውቅም፤ ለእሱ 22 ሺህ የቤቱ ዋጋ ነው።

27ኛው ቤት ላይ የገጠመኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቤቱን ወደድነው፤ ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ፀሐይ ይገባል፤ ለልጄ ትምህርት ቤት 15 ደቂቃ በእግር ነው። 24 ሺህ ተስማማን፤ ከእህቴ ተበድረን ቀብድ ልንሰጥ ቁጭ አልን። አከራዩ ሁለት ወረቀት አወጡ። «ይቺኛዋ ለወረዳ ናት፤ 8 ሺህ ትላለች። በባንክ የምታስገቡልኝ ይህንኑ ነው። ቀሪውን 16 ሺህ በእጄ» አሉን። የኪራይ ገቢ ግብርን ሽሽት መሆኑ ግልጽ ነው። ባለቤቴ ብዕሩን አስቀመጠ። እኔ ግን ፈርሚ ፈርሚ አለኝ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ ለወራት ቤት የፈለገ ሰው የፀሐይ ብርሃን ሲያይ ሕግ ይረሳል። «ነገ ተጣልተን ውጡ ቢሉንስ? በእጅ የሰጠነውን 16 ሺህ በየትኛው ወረቀት እንከራከርበታለን?» አለኝ ባለቤቴ። ወጣን። በመንገድ ላይ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ቤቱን ሌላ ሰው እንደያዘው ከሁለት ቀን በኋላ ሰማሁ፤ እሱ የትኛውን ወረቀት እንደፈረመ አላውቅም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የተመዘገበ ቤት ሁሉ በየወረዳው መዝገብ ላይ ኪራዩ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ለቀጣዩ ተከራይ ይገለጽ። ማንም ሰው የቤቱን ቁጥር ይዞ ወረዳ ሲሄድ ወይም በስልክ ሲጠይቅ፣ ይህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው በስንት ብር ነው፣ ውሉስ መቼ ተቋረጠ የሚለው ይነገረው። የተከራዩ ስም አያስፈልግም፤ የአከራዩ ስምም አያስፈልግም። የቤት ቁጥር፣ የብር መጠን፣ ቀን፤ ይኸው ነው። በአዲሱ የውል ቅጽ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፤ የቀድሞው ተከራይ የመጨረሻ ኪራይ ተብሎ ይሞላ።

ይህ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ የመኖሪያ ቤት የኪራይ ውል ሲጻፍ፣ የቀድሞው ተከራይ ከወጣ 18 ወር ካልሞላው፣ ይከፍል የነበረው የመጨረሻ ኪራይ በአዲሱ ውል ላይ መስፈር አለበት። እዚያም ቢሆን የቤት ችግር አለ፤ ፓሪስም ለተከራይ ቀላል ከተማ አይደለችም። ግን ገቢው ሰው ወጪው ስንት ይከፍል እንደነበር እያወቀ ነው የሚፈርመው።

ጥቅሙ ለእኔ ብቻ አይሆንም። በሁለት ወረቀት የሚያከራይ ሰው መዝገብ ላይ 8 ሺህ አስጽፎ ለሚቀጥለው ተከራይ 24 ሺህ ሲጠራ ሁሉም ያየዋል፤ ስለዚህ እውነተኛውን ማስመዝገብ ይሻለዋል፤ ግብሩም ወደሚገባበት ይገባል። ነባሩን ተከራይ በሰበብ ማስወጣትም እንደ ዛሬው ትርፍ አያመጣም። ደላላው ደግሞ ዋጋ መስቀያ ሳይሆን ቤት አገናኝ ብቻ ይሆናል፤ ለድካሙም ተገቢውን በደረሰኝ ይውሰድ፤ እሱም እንጀራው ነው።

አከራዮችን እንደ ጠላት አድርጌ እየጻፍኩ አይደለም። በዚህ ሰፈር አብዛኛው አከራይ ባለ ብዙ ፎቅ ባለሀብት አይደለም። ባሏ ሞቶባት በጓሮ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ልጆች የምታስተምር እናት አለች። በጡረታ አበል መኖር አቅቷቸው ሳሎናቸውን የሚያከራዩ አባት አሉ። ከኡራኤል ጀርባ ያሉት እትዬም ምን እንደከበዳቸው አላውቅም። ኪራይ በትክክል ከተወደደባቸው ዕቃ ጋር ይጨምር፤ ለዚህ ነው አዋጁ በየዓመቱ መጠን ይወሰን ያለው። የሚያስለቅሰው በጨለማ መጨመሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህም ከልቤ ነው። ለልማት በሚነሣ ሰፈር ከግል ሰው ተከራይቶ የሚኖረውን ሰው ቁጠሩት። ገንዘብ ስጡት አላልኩም፤ ቁጠሩት። ምን ያህል ቤተሰብ ነው፣ ስንት ተማሪ አለው፣ ስንት ይከፍል ነበር፣ ወዴት ሄደ? እኛ ስንወጣ ይህን የጠየቀን አልነበረም። የውል ምዝገባችሁ በትክክል ቢሠራ፣ ሰፈር ከመነሣቱ በፊት እነዚህን ሰዎች ከነልጆቻቸው ማወቅ ትችላላችሁ፤ በአቅራቢያው ያሉ ባዶ ቤቶችንም በተመዘገበው ኪራያቸው ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። መሿለኪያ አካባቢ ሌላ ቤት አለ ተብያለሁ፤ ደላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀጥሮኛል። ሰማያዊዋን ደብተር ይዤ እሄዳለሁ። ከጥር ወዲህ አንድ ዓምድ ጨምሬባታለሁ፤ «የቀድሞው ኪራይ» ይላል። ከ34ቱ ቤቶች የሞላሁት የአንዱን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆነች ተከራይ
የካቲት 2018 ዓ.ም.